ቆርቆሮ ልገዛ ወጥቼ ጉማሬ ገዛሁ

ሰው ገበያ ሄዶ የታዘዘውን ረስቶ ሌላ ነገር ይዞ መመለሱ የታወቀ ነው። ጨው ተልኮ ስኳር የሚያመጣ አለ። በግ ሊገዛ ሄዶ ፍየል እየጎተተ የሚመጣም አለ፤ እሱ እንኳ የሚታረድ ነገር ይዟል። እኔ ግን ለማድ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ልገዛ ወጥቼ የጉዞ ድርጅት ባለቤት ሆኜ ተመለስሁ። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ፤ ማኅበር እንጠጣለን።

ነገሩ ከባለቤቴ ከውባለም ይጀምራል። ውባለም ኮሌጅ ውስጥ መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ከፍ ባለማድረጓም የምትፈራ ሴት ናት። ዓምና ግንቦት ላይ የዕቁብ ዕጣ ወጣላት። ዕጣው ሳይወጣ ገና በልቧ የያዘችው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የማድ ቤታችን ጣሪያ። ቆርቆሮው ከመዛጉ የተነሣ ረፋድ ላይ ፀሐይ በቀዳዳው ስትገባ ወለሉ ሽንብራ የተበተነበት ይመስላል። ክረምት ሲገባ ያ ሽንብራ ሁሉ ውኃ ይሆናል። ገንዘቡን ሰጠችኝና «ዝናቡ ሳይጀምር ቆርቆሮውን ግዛ፤ ወፍራሙን» አለችኝ።

እኔ ደግሞ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። በግምጃ ቤቴ የገባ ብሎን ያለ ፊርማዬ አይወጣም። ኪሴ ግን ግምጃ ቤት አይደለም፣ በር እንኳ የለውም። ለማንኛውም ከባጃጅ ወርጄ በዘንባባው ጎዳና ወደ ቆርቆሮ ሻጮቹ ሳዘግም የግንቦት ፀሐይ አናቴን ያዘኝ። ትንሽ ልረፍ ብዬ አንድ በረንዳ ሥር ቆምሁ። የሰው ልጅ መከራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጥላ ፍለጋ ነው።

በረንዳው የ«ሰማያዊ ጉማሬ የጉዞ ወኪልና አስጎብኚ አክሲዮን ማኅበር» ነበር። መስታወቱ ላይ የተለጠፉት ፎቶዎች ፀሐይ መትቷቸው ደብዝዘዋል። በፎቶዎቹ ውስጥ ፈረንጆች ጀልባ ላይ ሆነው ይስቃሉ፤ ከመቆየታቸው ብዛት ፊታቸው ወደ ሰማያዊነት ሄዷል። ከፎቶዎቹ በታች በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፤ አክሲዮን እንሸጣለን ይላል። ማስታወቂያውን ሳነብ በሩ ተከፈተና ሱፍ የለበሰ ሰው ብቅ አለ።

«ይግቡ እንጂ ጌታዬ፣ ውጭ ፀሐይ ነው» አለኝ።

ሰው ግባ ካለኝ እገባለሁ፤ አስተዳደጌ ነው። ሰውዬው ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታነህ ነበሩ። አቶ ጌታነህ ሱፋቸው ያረጀ፣ ከረባታቸው የጠበቀ፣ ተስፋቸው ግን ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ዕቃ የሚመስል ሰው ናቸው። ጥግ ላይ ደግሞ ነጭ የመርከበኛ ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ ተቀምጦ ነበር። ሰይድ ይባላል፤ የድርጅቱን ጀልባ የሚነዳው እሱ ነው። አባቱም አያቱም ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከተማው ሁሉ ካፒቴን ይለዋል፤ ካፒቴን ያላለው ሰው ለሰላምታው መልስ አያገኝም።

አቶ ጌታነህ ወንበር ሰጡኝና ሁሉን ነገር ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ መቼም ሐሰተኛ ናቸው አልልም። መጀመሪያ ያ በሽታ መጣ፣ ቀጥሎ የጸጥታው ነገር መጣ፣ እንግዳ ጠፋ። ጀልባዋ ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ቆማለች። ካፒቴኑ ደመወዝ ካየ ሰንብቷል።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ችግር እያለ ማን ይገዛል?» አልሁ።

«ዋጋው የወረደው ለዚሁ አይደል?» አሉ ፈገግ ብለው። «ነገ እንግዳ ሲመለስ በዚህ ዋጋ አይገኝም። ክቡርነትዎ ቀድመው የነቁ ሰው ይሆናሉ።»

ክቡርነትዎ። እኔን በሕይወቴ ክቡርነትዎ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ፋብሪካ ውስጥ «አንተ ብሎን» ነው የሚሉኝ። ሽንኩርት ሲረክስ የሚገዛ ሰው ብልህ ነው ብዬ አሰብሁ። የረከሰው ስለበሰበሰ እንደሆነ ሽንኩርቱን ገልጦ ማየት ግን ነበረብኝ። ካፒቴን ሰይድም ከጥግ ሆኖ «ወላሂ ጀልባዋን ቢያዩዋት፣ ጣና ላይ እንደሷ ያለች የለችም» አለ። ያየኋት ከፈረምሁ በኋላ ነው።

ቤት ስገባ ውባለም በር ላይ ቆማ ቆርቆሮ የጫነ ጋሪ ትጠብቃለች። እኔ የያዝሁት አንዲት ማኅተም ያለባት ወረቀት ነበር። አነበበችው። መዝገብ ቤት ስለምትሠራ ወረቀት አነባበቧ ከሰው ይለያል፤ ከማኅተሙ ጀምራ ወደ ላይ ነው የምትመጣ። ትጮኻለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና «ጥሩ ነው፤ ሲዘንብ አናታችን ላይ እንዘረጋዋለን» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ክረምቱ ገባ። ዓምና የዘነበውን ዝናብ ባሕር ዳር ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ማድ ቤታችን ግን ከሁሉም የበለጠ ያውቃል። ውባለም ዋና ዋናዎቹን ቀዳዳዎች ለየችና ከየሥራቸው ዕቃ ደቀነች። ከዚያም ለዕቃዎቹ ስም አወጣችላቸው። በሩ አጠገብ ያለው ባልዲ «ሥራ አስኪያጁ» ተባለ፤ ውኃ ሲወርድበት ብዙ ስለሚያወራ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ ሳሕን «ካፒቴኑ» ሆነ። ምድጃው ራስጌ በሚወርደው ላይ ደግሞ ጥሩውን የሽሮ ድስቷን አስቀመጠች፤ እሱ «ባለአክሲዮኑ» ተባለ። ባለአክሲዮኑ እኔ ነኝ። እራት ላይ ተቀምጠን «ተነሣ፣ ባለአክሲዮኑ ሞልቷል፣ ድፋው» ትለኛለች። እኔም ተነሥቼ ራሴን ደፍቼ እመለሳለሁ። ሽሮ ደግሞ በሌላ ድስት እየተሠራ ከሥሩ ይይዛል፤ የያዘ ሽሮ በላን፣ አመሰገንን።

ዝናቡ አልፎ ብርዱ ሲመጣ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። የድርጅቱ ባለአክሲዮኖች ማን እንደሆኑ ያን ቀን አየሁ። አስተማሪ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፤ ሁሉም እንደ እኔ ጥላ ፈልገው የቆሙ ሰዎች ናቸው። አቶ ጌታነህ ኪሳራውን በሚያምር ድምፅ አነበቡልን። ከዚያ «ለጀልባዋ ገዢ ተገኝቷል» አሉ። ገዢው የአሸዋ ነጋዴ ነው፤ ወንበሮቿን ነቅሎ አሸዋ ሊያመላልስባት ይፈልጋል። ከተሸጠች ድርጅቱ ይዘጋል፣ ለየባለአክሲዮኑም ካወጣው የተወሰነው ይመለስለታል። ያቺን «የተወሰነው» የምትለዋን ቃል ስሰማ ልቤ ዘለለ። ለማድ ቤቱ ጣሪያ ትበቃለች። ስስ ቆርቆሮ ቢሆንም ትበቃለች።

ካፒቴን ሰይድ ግን ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ያለ ኮፍያ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ለካ መላጣ ነው። «አሸዋ» አለ ብቻውን። «አባቴ ሳንቃዋን በእጁ የላገላትን ጀልባ፣ አሸዋ።»

ድምፅ ይሰጥ ሲባል ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተባለ። ግማሹ ሰው ተዝካር አለብኝ ብሎ ወጥቶ ነበር። ተዝካር ያልነበረበትም ተከትሎ ወጥቷል። ይኼኔ የዕድራችን ዳኛ የነበሩት ጡረተኛው አቶ ወርቁ ተነሡ። «ድርጅቱ በሽተኛ ነው፤ ይኸን ሁላችንም ሰምተናል» አሉ። «በዕድር ደንብ ሰው ሲታመም ምን እናደርጋለን? በተራ እንጠይቃለን። ያልጠየቀ ይቀጣል። ባለቤት ነን ብለን አንድ ቀን ደጃፉን ሳንረግጥ እንዴት መዳኑን እንጠብቃለን?» ለዚህ ምልዓተ ጉባኤ አያስፈልግም ተባለና በጭብጨባ አለፈ።

እንግዲህ ድርጅታችንን መጠየቅ ጀመርን። በየቀኑ ከሥራ መልስ ተረኛው ዳቦ ወይም ብርቱካን ይዞ ቢሮው ይሄዳል። ለበሽተኛ ባዶ እጅ አይኬድም። «እንዴት ዋለ?» ይላል ገብቶ። አቶ ጌታነህም «ዛሬ ትንሽ ይሻለዋል፣ ስልክ ተደውሎ ነበር፤ የተሳሳተ ቁጥር ነው እንጂ» ይላሉ። ጠያቂው ይቀመጣል። የመጣ ጠያቂ ደግሞ ቶሎ መነሣት ነውር ነው። ትናንት የጠየቀው «እስቲ ዛሬስ እንዴት ሆነ» ብሎ ይመለሳል። በጥቂት ጊዜ ቢሮው የልቅሶ ቤት መሰለ፤ ወንበር ስላነሰ ከዕድር አግዳሚ መጣ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት በሩን ከፍተው ስለ ጀልባ ሊጠይቁ ነበር። ያን ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ብርቱካን ሲልጥ አዩና «ይቅርታ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብለው በሩን በቀስታ ዘጉት። ለወራት የመጣው ደንበኛ ይኸው ብቻ ነበር።

ይኸን ለውባለም ስነግራት ጀርባዋን ሰጥታኝ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ደነገጥሁ። ስትዞር እየሳቀች ነው። ከግንቦት ወዲህ በእኔ ነገር ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። «ቢሮውን ጠይቃችሁ ጀልባዋን አልጠየቃችሁም?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በሽተኛዋ እሷ ናት፣ እኛ የተቀመጥነው ከአስታማሚዎቹ ጋር ነው። ነገሩን ለአቶ ወርቁ ነገርኋቸው፤ እሳቸውም ከመሸጧ በፊት ሁላችንም አንድ ጊዜ ተሳፍረንባት ብንሰነባበት ደግ ነው አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ዘጌ ደርሰን እንድንመለስ ተቆረጠ። ቤተሰብ ማምጣት ይቻላል ተባለ።

ይኸን ሲሰሙ አማቴ እማማ የሻረግ ተነሡ። ውባለም ስትወለድ ምጡ ጠንቶባቸው ዘጌ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስለው ነበር። ዛሬ ዘጌ በመኪናም ይኬዳል። እሳቸው ግን ስለቱ ይበልጥ እንዲጠነክር ብለው «ጣናን በውኃ ተሻግሬ አገባለሁ» ብለው ነው የተሳሉት። ችግሩ ውኃ ይፈራሉ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እንኳ ከሞላ አያልፉበትም። ጥላውን ገዝተው በፌስታል ጠቅልለው ከሣጥን አግብተውታል፤ ሌሊት በሕልማቸው እየተከፈተ ያስፈራቸዋል።

«ጀልባው የማን ነው አልኸኝ?» አሉኝ።

«የእኛ ነው እማማ።»

«ያንተ ከሆነ እሄዳለሁ። ከሰመጥሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።»

ቅዳሜ ማለዳ ወደቡ ላይ ተሰበሰብን። ጀልባዋን ያን ጊዜ በቅጡ አየኋት፤ ቀለሟ ተልጧል፣ ወንበሮቿ ግን ደህና ናቸው። ካፒቴን ሰይድ ሌሊቱን ሲያጥባት ማደሩ ያስታውቃል። እማማ የሻረግን እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው። «አይዞዎት እማማ፣ ስለትዎ በእኔ አንገት ነው» አላቸው። እማማ ጥላቸውን አቅፈው ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የቀረው ሰው እንደ ደንቡ ለበሽተኛዋ የያዘውን አስገባ፤ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ቆሎ፣ አንዱ እንኳ አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ ነበር። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተነሣ፣ ሄድን።

አሁን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ። እኔ ባሕር ዳር ስኖር ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ ጣና ላይ ተሳፍሬ ግን አላውቅም። ሐይቁን የማውቀው ከዳር ነው፣ ዓሣ ስበላበትና እንግዳ ሲመጣ ሳሳይበት። ውባለምም ተሳፍራ አታውቅም። ቀና ብዬ ሳይ ሌሎቹም እንደ እኛው አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ይብራ የሚባሉት የሐይቁ ወፎች አጠገባችን ይንሳፈፋሉ። አንዲት ታንኳ እንጨት ተሸክማ ስታልፍ ሁላችንም እጃችንን አውለበለብን፤ ቀዛፊው ምን ሆነዋል ብሎ ዞሮ ዞሮ አየን። ውባለም ወደ ኋላ ዞራ ከተማዋን ትመለከታለች። ዘንባባው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ፎቆቹ ሁሉ ከውኃው ጋር ተያይዘው ይታያሉ። «ይቺ ናት የእኛ ከተማ?» አለችኝ። «ከዚህ ስትታይ እኮ የሀብታም ናት።»

መሐል ስንደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ።

እማማ የሻረግ ዓይናቸውን የከፈቱት ያን ጊዜ ነው። «ጸጥ አለ እኮ። ደረስን?» አሉ። ካፒቴን ሰይድ ወደ ነዳጁ ጎንበስ ብሎ አየና ቀስ ብሎ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ነዳጅ ያመጣው ማን ነበር?» አለ።

አቶ ጌታነህ አቶ ወርቁን አዩ። አቶ ወርቁ እኔን አዩ። እኔ ብርቱካኑን አየሁ። ለበሽተኛዋ ዳቦ ያመጣ ሞልቷል፣ አጥሚት ያመጣም አለ። የምትጠጣውን ያመጣላት ግን የለም። ድርጅቱ ገንዘብ ስለሌለው ካፒቴኑ ባለቤቶቹ ይዘው ይመጣሉ ብሎ አስቧል። ባለቤቶቹ ደግሞ ጀልባ ካለ ነዳጅ ይኖራል ብለን አስበናል። ካፒቴኑ ስልኩን አወጣና ለአጎቱ ልጅ ደወለ። ወደ ዘጌ የሚያልፍ የእንጨት ጀልባ አለው፤ ጀሪካን ይዞ ይመጣል፣ እስከዚያ መቀመጥ ነው ተባለ።

ውኃው ቀስ እያለ ያወዛውዘናል። ሰው ጸሎት ሊጀምር ሲል አቶ ጌታነህ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። በጣታቸው እያመለከቱ ቆጠሩን፤ ከፊት ቆጥረው ሲጨርሱ ከኋላ ደገሙት። ከዚያ ከረባታቸውን አጠበቁ።

«ክቡራን ባለአክሲዮኖች፣ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቷል» አሉ።

እንዲያ ያለ ጉባኤ ዓይቼ አላውቅም። አቋርጦ የሚወጣ የለም፤ ልብስ ሰፊው ከልማድ የተነሣ ብድግ ብሎ ነበር፣ ውኃውን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ተዝካር አለብኝ የሚልም ጠፋ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ጀልባዋ ለአሸዋ ነጋዴው ትሸጥ ወይስ አትሸጥ። አስተማሪው ትሸጥ አለ፣ በምክንያት ተናገረ፤ ምክንያቱ ልክ ነበር። እንግዳ የለም፣ እንግዳ ከሌለ ገቢ የለም፣ ገቢ ከሌለ ነዳጅ የለም፣ ነዳጅ ከሌለ ይኸው። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ፤ በዓይኔ የሚመላለሰው ያ ድስት ነው።

«እስቲ ልጠይቃችሁ ልጆቼ» አሉ እማማ የሻረግ።

አቶ ጌታነህ ባለአክሲዮን ያልሆነ ሰው በጉባኤ መናገር እንደማይችል ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጥላውን አዩና ዘጉት።

«ይቺ ጀልባ ሰው ልታሻግር አይደል የተሠራች?»

«አዎ እማማ» አለ ሰይድ።

«እኔስ ሰው አይደለሁ?»

«ኧረ እንዴት!»

«እንግዲያው ስሙኝ። ይኸን ጥላ የተሳልሁት እሷን ስወልድ ነው» አሉ ወደ ውባለም እየጠቆሙ፤ «ዛሬ እሷ ራሷ ሽበት አብቅላለች።» ውባለም ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። «በዚህ ሁሉ ዘመን ‹እማማ፣ ላሻግርዎት› ያለኝ ሰው የለም። በቢሯችሁ ደጃፍ ስመላለስ የማየው ሥዕሉን ነው። ፈረንጅ ይስቃል። የእነሱ ቤት መሰለኝ፣ አልፌው ሄድሁ። እንግዳ ጠፋ ትላላችሁ፤ ባለቤቱን ማን ጠራው? በእኛ ሰፈር ብቻ ስለት ያለባትን ሴት ልቁጠርላችሁ? ብርሃኔ መጋረጃ አለባት። ትርንጎ ሻማ አለባት፣ ለልጇ ፈተና። የዚያች የእንጀራ ሻጯ እናት...»

መቁጠር ጀመሩ። እየቆጠሩ ከሰፈር ሰፈር ተሻገሩ። የቆጠሩት ሁሉ የሚያውቁትን ሰው ነው፤ ስሙን፣ ስለቱንና ለምን እንደተሳለ ይናገራሉ። አስተማሪው መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር የሚሰማው፤ ኋላ ቀስ ብሎ «እናቴም አለባት» አለ። አቶ ወርቁ ደግሞ ዕድራችን የዓመት ግብዣውን የት ያድርግ እያለ ሁልጊዜ ሲጨቃጨቅ ወደ ሐይቁ ያሰበ እንደሌለ ተናገሩ። ልብስ ሰፊው ሙሽሮችን አነሣ። ጀልባዋ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ካጠገቡ ያለውን ሰው የሚያይበት ዓይን ተለወጠ፤ ሁላችንም ደንበኛ ሆነን ተገኘን።

«መሸጧን የምትቃወሙ እጃችሁን አውጡ» አሉ አቶ ጌታነህ።

እጄ ጉልበቴ ላይ ቀረ። ልቤ እሺ ብሏል፣ እጄን የያዘው ጣሪያው ነው። እጄን ካወጣሁ ሌላ ክረምት ይመጣል፣ ውባለም ሌላ ክረምት ውኃ ስትደፋ ትከርማለች። በአንዲት ሴት ገንዘብ ሁለት ጊዜ መጀገን ይከብዳል። ዞር ብዬ ላያት ስል የእሷ እጅ ከአናቴ በላይ ቆሟል።

«ይቅርታ ወይዘሮ ውባለም» አሉ አቶ ጌታነህ፣ «ድምፅ የሚሰጠው መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ብቻ ነው።»

«መዝገብ አውቃለሁ፣ መዝገብ ቤት ነው የምሠራ» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። «የተገዛው ግን በእኔ ቆርቆሮ ነው።»

ከእሷ ቀጥሎ የእኔ ወጣ፣ ከእኔ ቀጥሎ የሌሎቹ፤ መሸጧ ቀረ። ካፒቴን ሰይድ ድምፅ የለውም፤ እሱ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ሐይቁ ዞረ። የአጎቱ ልጅ ጀሪካን ይዞ ሲደርስ እማማ የሻረግ ገና አንድ ቀበሌ እንኳ ቆጥረው አልጨረሱም ነበር።

ዘጌ ገባን። እማማ በቡናው ዛፍ ሥር ያለውን አቀበት በምርኩዝ ወጡት፤ ጥላውን ልያዝልዎት ብንል እምቢ አሉ። ለቄሱ ሲያስረክቡ ፌስታሉን መፍታት አቃታቸው፣ ውባለም ፈታችላቸው። ጥላው ተከፈተ። እማማ ለረጅም ጊዜ ቀና ብለው አዩትና «ያው ቀለሙ አልለቀቀም» አሉ። ዕንባቸው ይወርድ ነበር። ስንመለስ ከጀልባዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፣ እንዲያውም ካፒቴኑን ፍጠን ይሉት ነበር።

ከዚያ በኋላ ተአምር ተፈጠረ ብዬ አላታልላችሁም። በሳምንቱ ቅዳሜ የመጡት የእማማ ማኅበርተኞች ናቸው፤ መጋረጃ፣ ሻማ፣ ምንጣፍ ተሸክመው። በአንድ ወገን ስለት፣ በሌላ ወገን ወሬ እየጫነች ጀልባዋ ተመላለሰች። ዕድራችን ግብዣውን እዚያ አደረገ። ሙሽሮች መጡ፣ ከእነ አጃቢዎቻቸው፤ አንዱ ሚዜ ቄጠማ ላይ ወድቆ ሱፉን አበላሸ። የውባለም ኮሌጅም መምህራኑን ይዞ ሄደ። የፈረንጆቹ ፎቶ ከመስታወቱ ተነሣና እማማ የሻረግ ጥላ ይዘው የሚታዩበት ተለጠፈ። አንድ ከውጭ የመጣ እንግዳ ማን ናቸው ብሎ ሲጠይቅ አቶ ጌታነህ «የገበያ ጥናት ኃላፊያችን» አሉት። ጉባኤያችንም አሁን ሁልጊዜ ሐይቁ መሐል ነው የሚደረግ፤ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ አያውቅም። ነዳጅ የማምጣት ተራ አለን፣ የረሳ ይቀጣል።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ የመጀመሪያዋ ትርፍ ተከፋፈለች። የእኔ ድርሻ አንድ ቆርቆሮ ገዛ። አንድ ብቻ፤ ግን ወፍራሙን። ጋሪ መቅጠር አሳፍሮኝ ራሴ ላይ ተሸክሜው ገባሁ፣ እስከ ቤቴ ዝናቡ ሲደበድበው ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ውባለም በር ላይ ቆማ ጣቷን አጥፋ አንኳኳችው፣ ውፍረቱን ልታረጋግጥ። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብታ ቀና እያለች ሦስቱን ቀዳዳ አየቻቸው።

የበሩ ይሻላል አልሁ እኔ፣ ከሁሉም የሚያፈሰው እሱ ስለሆነ። መሰላሉን ይዛ ምድጃው ራስጌ አስጠጋችው። ምስማሩን መትቼ ስወርድ ባልዲው አሁንም ያወራል፣ ጎድጓዳ ሳሕኑም ይንጠባጠብበታል።

«እነሱ ትንሽ ይቆዩ፤ ገና ብዙ ይሠራሉ» አለች።

ጎንበስ ብላ ድስቱን ከወለሉ አነሣችው። ውኃውን ደፋች፣ አጠበችው፣ እሳቱ ላይ ጣደችው። ያን ቀን የበላነው ሽሮ በባለአክሲዮኑ የተሠራ ነው። ትንሽ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይል ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ።